ባዜቃና ሬዚን፦ ከፋብሪካ ፍሳሽ መርዘኛ ብረትን የመልቀም ታሪክ

ሚናማታ በጃፓን ደቡባዊ ደሴት በኪዩሹ ምዕራባዊ ጠረፍ ላይ የምትገኝ አነስተኛ የባሕር ዳር ከተማ ናት። በዚህች ከተማ በዲሴምበር ወር 1959 (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት፥ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው ካልተባለ በቀር፥ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ቺሶ የተባለው የኬሚካል ኩባንያ በፋብሪካው ግቢ ውስጥ አዲስ የፍሳሽ ማጣሪያ ተክሎ በታላቅ ሥነ ሥርዓት አስመረቀ። የማጣሪያው ስም ሳይክሌተር ይባል ነበር። የኩባንያው ፕሬዚዳንት ኪኢቺ ዮሺኦካ ከማጣሪያው የወጣ ነው የተባለውን ውሃ በብርጭቆ ተቀብለው በተጋባዦች ፊት ጠጡ። የአገሬው ዓሣ አጥማጅ ሁሉ ሲፈራው የነበረው የፋብሪካ ፍሳሽ ለመጠጥ እስኪበቃ ድረስ ጠርቷል ለማለት ነው።

ይሁን እንጂ ባዜቃ ያለበት ፍሳሽ፥ ይኸውም አሴታልዴሃይድ ከሚሠራበት ክፍል የሚወጣው፥ በዚያን ጊዜ በማጣሪያው ውስጥ አያልፍም ነበር። ቢያልፍም ብዙ ለውጥ አያመጣም ነበር። ሳይክሌተር በውሃ ላይ የሚንሳፈፈውን ደቃቅ ጠጣር ነገር በኬሚካል አጓጉሎ የሚያዘቅጥ መሣሪያ ነው፤ በዚህ ሥራው ነቀፋ የለበትም። በውሃው ውስጥ የሟሟውን ግን አያገኘውም። ጨው የሟሟበትን ውሃ በነጠላ ቢያጠልሉት ጨውነቱን እንደማይለቅ ሁሉ፥ የሟሟ ባዜቃም በማዝቀጫ ገንዳ ውስጥ ገብቶ እንደ ገባ ይወጣል። ከዓመታት በኋላ በኒኢጋታው ክርክር ፍርድ ቤት ከሰማው የምስክር ቃል እንደ ታወቀው፥ ማጣሪያው የተተከለው የሕዝቡን ቁጣ ለማብረድ እንጂ ኦርጋኒክ ባዜቃን ለማስወገድ አልነበረም። የመሣሪያው መግለጫ ወረቀት ላይ ያልተጠየቀውን ነገር መሣሪያው አልሠራም፤ ውሃውን የሚያየው ዓይን ግን የተሠራ መሰለው።

ከዚህ ላይ ለመሐንዲስ አንድ ጥያቄ ይነሣል። በ1959 የነበረው የኬሚስትሪ ዕውቀት የሟሟን ባዜቃ ከውሃ ውስጥ ለቅሞ ለማውጣት ይበቃ ነበርን? ለዚህ መልስ ለማግኘት ከመቶ ዓመት በላይ ወደ ኋላ ተመልሶ፥ ከፋብሪካ ሳይሆን ከእርሻ መሬት መነሣት ያስፈልጋል።

በ1840ዎቹ በእንግሊዝ አገር በዮርክሻየር ይኖሩ የነበሩት ሃሪ ስቲቨን ቶምሰን የተባሉ ባለርስት ከከብት ፍግ የሚገኘው አሞኒያ እየባከነ መሄዱ ያሳስባቸው ነበር። ጆን ስፔንስ ከተባሉ የዮርክ መድኃኒት ቀማሚ ጋር ሆነው ባደረጉት ሙከራ አፈር በሞላበት ዕቃ ላይ የአሞኒየም ሰልፌት ብጥብጥ አንቆረቆሩ። ከታች የተቀበሉት ውሃ ሲመረመር ግን አሞኒየሙ ጠፍቶ በምትኩ ካልሲየም ሰልፌት፥ ማለት ጀሶ፥ ተገኘበት። አፈሩ አሞኒየሙን አስቀርቶ ካልሲየም ከፍሎበታል። የእንግሊዝ ንጉሣዊ የእርሻ ማኅበር ኬሚስት የነበሩት ጆን ቶማስ ዌይ ነገሩን ተቀብለው በሰፊው መረመሩትና በ1850 እና በ1852 ውጤቱን አሳተሙ። ይህን ሥራ የሚሠራው በአፈሩ ውስጥ ያለው ሸክላ መሆኑን፥ ልውውጡም በእኩሌታ ልክ የሚፈጸም መሆኑን ያሳዩት እርሳቸው ናቸው። አንድ ነገር ብቻ ሳቱ፤ ሸክላው አንዴ የያዘውን መልሶ አይለቅም ብለው አመኑ። በ1858 ኤይኽሆርን የተባለው ጀርመናዊ ልውውጡ ወዲያና ወዲህ የሚሄድ መሆኑን በማስረዳቱ ይህ ስሕተት ታረመ። ለኢንዱስትሪ ጥቅም የዋለው ዕውቀት ሁሉ የተመሠረተው በዚህች እርማት ላይ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ የያዘውን የማይለቅ ነገር አንድ ጊዜ ብቻ ሠርቶ የሚጣል ነውና።

የነገሩ አሠራር እንዲህ ነው። በውሃ ውስጥ የሟሙ ጨዎች አዮን ወደሚባሉ፥ ፖዘቲቭ ወይም ኔጋቲቭ የኤሌክትሪክ ሙል ወዳላቸው ክፍሎች ይለያያሉ። የሸክላ ቅንጣት ገጽ ኔጋቲቭ ሙል ስላለው ፖዘቲቭ አዮኖችን ስቦ ይዞ ይኖራል። የያዘውን ሊለቅ የሚችለው ግን ሌላ በቦታው ሲተካ ብቻ ነው። ግብይቱ ዓይነት በዓይነት ነው፤ ዱቤ የለም። ባለ ሁለት ሙል የሆነው ካልሲየም ቦታውን የሚለቀው ባለ አንድ ሙል የሆኑ ሁለት አሞኒየሞች ሲመጡ ነው። ደግሞም ሸክላው ከሚመጡት አዮኖች መካከል ያማርጣል፤ አንዳንዱን አጥብቆ፥ አንዳንዱን አላልቶ ይይዛል። አጥብቆ የያዘውንም ቢሆን፥ ሌላው እጅግ በብዛት ከመጣበት፥ ተገፍቶ ይለቃል። በጨው ውሃ ማደስ የሚቻለው ስለዚህ ነው።

ከሃምሳ ዓመት በኋላ፥ በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ፥ ሮበርት ጋንስ የተባለው ጀርመናዊ ኬሚስት ይህን የአፈር ጠባይ በሰው ሠራሽ የአሉሚኒየምና የሲሊከን ውሁድ አስመስሎ ሠራ። ፐርሙቲት በሚል ስም ለገበያ የቀረበው ይህ ዕቃ የቦይለር ውሃን ለማለስለስ በብዙ ፋብሪካ ገባ። ነገር ግን አሲድ ሲነካው ይሟሟል። ከባድ ብረታ ብረት የሚገኝበት የፋብሪካ ፍሳሽ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አሲድነት ያለው ስለሆነ፥ ፐርሙቲት ከዚህ ሥራ ደጅ ቀረ።

በሩን የከፈቱት ባሲል አዳምስና ኤሪክ ሆልምስ ናቸው። ሁለቱ በለንደን አጠገብ በቴዲንግተን በሚገኘው የመንግሥት የኬሚካል ምርምር ላቦራቶሪ ይሠሩ ነበር። በ1935 ባሳተሙት ጽሑፍ ከፌኖልና ከፎርማልዴሃይድ የተሠራ ሬዚን አዮን የመለዋወጥ ጠባይ እንዳለው፥ አሲድም እንደማይፈታው ገለጡ። አንዱን ዓይነት ፖዘቲቭ፥ ሌላውን ዓይነት ኔጋቲቭ አዮን እንዲይዝ አድርጎ መሥራትም እንደሚቻል አሳዩ። የግኝቱ መነሻ የተሰበረ የግራሞፎን ሸክላ ፈጭተው በመሞከራቸው ነው ተብሎ በሙያው መጻሕፍት ይተረካል። ታሪኩ ከተደጋገመ ብዛት የተወለወለ ይመስላል። ሆኖም በአማርኛ የዘፈኑም ሳሕን፥ የአፈሩም ዓይነት ሸክላ መባሉ ደስ የሚያሰኝ ግጥምጥሞሽ ነው፤ ከዌይ ሸክላ እስከ አዳምስና ሆልምስ ሸክላ ሰማንያ አምስት ዓመት መሆኑ ነው።

ከዚያ ወዲህ ነገሩ ገሠገሠ። በ1940ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ በጀነራል ኤሌክትሪክ ኩባንያ ይሠራ የነበረው ጋኤታኖ ዳሌሊዮ ሬዚኑን ከስታይሪንና ከዳይቪኒልቤንዚን ሠራው፤ ፓተንቱም በ1944 ተሰጠው። ዛሬ በዓለም ላይ በሥራ ላይ ያለው ሬዚን አብዛኛው የዚህ ልጅና የልጅ ልጅ ነው። መልኩ ከአንድ ሚሊሜትር ያነሰ ክብ እንክብል ሆኖ እንደ ጤፍ የሚንሸራተት፥ ውስጡ ግን እንደ መረብ የተያያዘ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን የአቶሚክ ቦምብን ለመሥራት በተያዘው ምስጢራዊ ፕሮግራም ውስጥ በኦክ ሪጅ የነበሩ ኬሚስቶች በጠባያቸው እጅግ የሚመሳሰሉትን ብርቅዬ የምድር ብረቶች በሬዚን አምድ አሳልፈው ለያዩአቸው። ፕሮሜቲየም የተባለው ንጥረ ነገር በ1945 ተለይቶ የታወቀው በዚሁ ዘዴ ነው። ይህን ያህል ረቂቅ ልዩነት የሚለይ መሣሪያ ባዜቃን ከውሃ መለየት አይሳነውም ብሎ መገመት ያን ጊዜም ቢሆን ድፍረት አይሆንም ነበር።

ሬዚን ከፋብሪካ ፍሳሽ ውስጥ ከባድ ብረትን መልቀም የጀመረው ግን ለዓሣና ለሰው ጤና ታስቦ አይደለም። በጦርነቱ ዘመን በጀርመን አገር በአሞኒያና በመዳብ ሰው ሠራሽ ሐር የሚፈትሉ ፋብሪካዎች በፍሳሻቸው የሚሄደውን መዳብ፥ ቮልፋቲት በተባለው ሬዚን መልሰው ይሰበስቡ ነበር። መዳብ ለጦርነቱ የሚያስፈልግና በቀላሉ የማይገኝ ስለነበረ ነው። ከጦርነቱ በኋላም በልዩ ልዩ አገሮች የክሮሚየም ቅብ የሚሠሩ ወርክሾፖች የዕጥበት ውሃቸውን በሬዚን አሳልፈው የክሮሚክ አሲዱን መመለስ ለመዱ፤ የተመለሰው አሲድ የመሣሪያውን ዋጋ በከፊል ይሸፍናልና። እንዲህ ሆኖ በኢንዱስትሪው ዘንድ አንድ ያልተጻፈ ሕግ ጸና፦ ዋጋ ያለው ብረት ይለቀማል፥ ዋጋ የሌለው መርዝ ይለቀቃል።

ቴክኒካዊ ችግርም አልነበረም ለማለት አይደለም። ተራው ሬዚን ሁሉን ተቀባይ በመሆኑ ራሱን ይጎዳል። በአንድ ሊትር ፍሳሽ ውስጥ 100 ሚሊግራም ካልሲየምና 1 ሚሊግራም ካድሚየም አለ እንበል። በሙል ሒሳብ ካልሲየሙ 5 ሚሊኢኩቫለንት ሲሆን ካድሚየሙ 0.018 ያህል ብቻ ነው፤ ለአንድ የካድሚየም ድርሻ 280 ያህል የካልሲየም ድርሻ ይመጣል ማለት ነው። የተራው ሬዚን አቅም በሊትር 2 ኢኩቫለንት ገደማ በመሆኑ፥ አንድ ሊትር ሬዚን 400 ሊትር ያህል ፍሳሽ ካሳለፈ በኋላ ጉዳት በሌለው ካልሲየም ተሞልቶ ይቀመጣል። መርዙን ለመያዝ የተቀጠረ ዘበኛ መንገደኛውን ሁሉ ሲያስር ውሎ እስር ቤቱ እንደ ሞላበት ያለ ነው።

ስለዚህ ኬሚስቶች መራጭ ሬዚን ፈለጉ። በ1947 በኖርዌይ ስኮግሴይድ ፖታሲየምን ለይቶ የሚይዝ ሬዚን በመሥራት ሐሳቡ እውን ሊሆን እንደሚችል አሳየ። በ1950ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ ሃሪ ግሬጎርና ባልደረቦቹ ብረቱን ከሁለትና ከሦስት ወገን ቆንጥጠው የሚይዙ ሬዚኖችን አጠኑ። እነዚህ ቼሌት ሬዚን ይባላሉ፤ ስማቸው የመጣው በግሪክ ቋንቋ የሸርጣንን ጉጠት ከሚያመለክተው ቃል ነው። በ1950ዎቹ መጨረሻ ኢሚኖዳያሴቲክ አሲድ የተባለውን ጉጠት የተሸከመ ሬዚን ከዳው ኩባንያ ለገበያ ቀረበ። ይህ ዓይነት ሬዚን መዳብን፥ ኒኬልን፥ ዚንክንና ካድሚየምን ከካልሲየም መካከል መርጦ ያነሣል። ዘበኛው መልክ መለየት ተማረ ማለት ነው።

ባዜቃን በተመለከተ ግን የተለየ ነገር አለ፤ የታሪኩ አስገራሚ ክፍልም ይኸው ነው። በ1830ዎቹ ዊልያም ክሪስቶፈር ዚሴ የተባለው የዴንማርክ ኬሚስት ድኝና ሃይድሮጅን ተጣምረው የሚገኙባቸውን አንዳንድ ኦርጋኒክ ውሁዶች ሲያጠና ከባዜቃ ጋር አጥብቀው የሚያያዙ መሆናቸውን አየ። ስለዚህም መርካፕታን ብሎ ሰየማቸው፤ ቃሉ ከላቲን የተውጣጣ ሲሆን ባዜቃን ያዥ ማለት ነው። ስሙ ራሱ መመሪያ ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜም የእንግሊዝ ኬሚስቶች ለአርሴኒክ መርዝ ጋዝ ማርከሻ ብለው ያዘጋጁት መድኃኒት የዚሁ የድኝ ወገን ነበር፤ ከጦርነቱ በኋላ በባዜቃ ለተመረዙ ሰዎችም ይሰጥ ጀመር። እንግዲህ በ1959 የመርካፕታንን ጠባይ ኬሚስት ሁሉ ያውቀዋል፤ ሐኪሙም በሰው ሰውነት ውስጥ ይጠቀምበታል። ይህንኑ የድኝ እጅ በሬዚን እንክብል ላይ ተክሎ በፍሳሽ ቱቦ ጫፍ ማኖር ነበር የቀረው።

እዚህ ላይ ፍርድ ሲሰጥ ሚዛኑን መጠበቅ ይገባል። በ1959 ለባዜቃ ተብሎ የተዘጋጀ ሬዚን ከነጋዴ መደርደሪያ ላይ የሚነሣ ዕቃ አልነበረም። ቺሶ ሊገዛው ሲችል አልገዛም ብሎ መክሰስ ትክክል አይሆንም። ሁለቱ ግማሾች ግን፥ ሬዚኑም ድኙም፥ የታወቁ ነበሩ። ያልነበረው የሚያስፈልገው ወገን ነው። መዳብን የሚሻ ደንበኛ ነበረ፤ የባዜቃን መውጣት የሚሻ ደንበኛ ግን በሚናማታ ወደብ መረቡን የሚጥለው ዓሣ አጥማጅ ነበር፤ እርሱም ሬዚን የሚያዝዝ ሰው አይደለም።

ቺሶ በሚናማታ አሴታልዴሃይድ መሥራት የጀመረው በ1932 ነው። አሠራሩ አሴቲሊን የተባለውን ጋዝ የባዜቃ ሰልፌት ባለበት አሲድ ውስጥ ማሳለፍ ነው፤ ባዜቃው የኬሚካላዊ ለውጡ አፋጣኝ ሆኖ ያገለግላል። በዚሁ ዕቃ ውስጥ ከባዜቃው ጥቂቱ ሜቲል ባዜቃ ወደ ተባለው፥ ከሁሉ ወደ ከፋው መርዝ ይለወጥና ከፍሳሹ ጋር ይወጣ ነበር። ፍሳሹ ወደ ሂያኬን ወደብ፥ ከወደቡም ወደ ባሕረ ሰላጤው ይገባል። መርዙ ከውሃው ወደ ጥቃቅን ነፍሳት፥ ከነርሱ ወደ ትንንሽ ዓሦች፥ ከትንንሾቹ ወደ ትልልቆቹ ሲተላለፍ መጠኑ በየደረጃው ያድጋል። በመጀመሪያ ዓሣ የሚበሉ ድመቶች እየተንዘፈዘፉ ሞቱ። ቀጥሎ ሰዎች አፋቸው ተሳሰረ፥ እጃቸው ተንቀጠቀጠ፥ ዓይናቸው ጠበበ። በሜይ 1 ቀን 1956 የፋብሪካው ሆስፒታል ኃላፊ ዶክተር ሃጂሜ ሆሶካዋ ምክንያቱ ያልታወቀ የነርቭ በሽታ መነሣቱን ለአካባቢው የጤና ጽሕፈት ቤት አስታወቁ።

ከዚህ በኋላ የተደረገው ለመሐንዲስ ማንበብ የሚከብድ ነው። በሴፕቴምበር 1958 ኩባንያው የፍሳሹን መውጫ ከወደቡ አንሥቶ ወደ ሚናማታ ወንዝ አፍ አዛወረው። በሽታው እስከዚያ ባልታየበት በሰሜኑ የባሕር ዳር መንደሮች መታየት ጀመረ፤ ሳይታሰብ የተደረገ ሙከራ ውጤት ይመስል። በጁላይ 1959 የኩማሞቶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የበሽታው ምክንያት ኦርጋኒክ ባዜቃ ሳይሆን እንደማይቀር ገለጡ። በዚያው ዓመት በኦክቶበር ዶክተር ሆሶካዋ በገዛ ሆስፒታላቸው ከአሴታልዴሃይድ ክፍል የተቀዳውን ፍሳሽ ከምግቡ ጋር የሰጡት፥ በመዝገባቸው 400ኛ ቁጥር የተሰጠው ድመት በዚያው በሽታ ያዘው። ኩባንያው ይህን ውጤት ደበቀ፤ ሙከራውም እንዳይቀጥል ከለከለ። ሁለት ወር ያህል ቆይቶ ሳይክሌተሩ ተመረቀ፤ በዲሴምበር 30 ቀን ደግሞ ከሕመምተኞቹ ጋር የገንዘብ ውል ተፈረመ። በውሉ ውስጥ ወደ ፊት ጥፋቱ የፋብሪካው መሆኑ ቢረጋገጥ እንኳ ተጨማሪ ካሣ እንዳይጠየቅ የሚል ቃል ነበረበት።

ባዜቃው ስምንት ዓመት ከመንፈቅ ያህል መፍሰሱን ቀጠለ። በ1965 በኒኢጋታ ክፍለ ሀገር በአጋኖ ወንዝ ዳር፥ ሾዋ ዴንኮ የተባለው ሌላ ኩባንያ በሚጠቀምበት በዚያው አሠራር የተነሣ፥ ሁለተኛው የሚናማታ በሽታ ተገለጠ። ቺሶ አሴታልዴሃይድ መሥራቱን ያቆመው በሜይ 1968 ነው፤ ያቆመውም አሠራሩ አርጅቶ በሌላ ስለተተካ ነው። የጃፓን መንግሥት የበሽታው ምክንያት የቺሶ ፍሳሽ መሆኑን በይፋ የተናገረው በዚያው ዓመት በሴፕቴምበር 26 ቀን፥ ቧንቧው ከተዘጋ ከአራት ወር በኋላ ነው። ዶክተር ሆሶካዋ በ1970 በሞት አልጋቸው ላይ ሆነው ስለ 400ኛው ድመት መሰከሩ። በማርች 1973 የኩማሞቶ ፍርድ ቤት በኩባንያው ላይ ፈረደ፤ የ1959ኙንም ውል ሻረው። በኩማሞቶና በካጎሺማ በሕግ የታወቁት ሕመምተኞች ብቻ ከ2,200 በላይ ናቸው።

የሚፈለገው ደንበኛ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው፤ ደንበኛውም ሕግ ነበር። በ1970 በካናዳና በአሜሪካ ወሰን ላይ ባለው በሴንት ክሌር ሐይቅ ዓሦች ላይ ባዜቃ በመገኘቱ ዓሣ ማጥመድ ተከለከለ። እዚያ ምንጩ አሴታልዴሃይድ ሳይሆን ክሎሪንና ኮስቲክ ሶዳ በባዜቃ ሴል የሚያመርት ፋብሪካ ነበር። መንግሥታት የፍሳሽ ልክ ማውጣት ጀመሩ። ጃፓን በፍሳሽ ውስጥ ያለው ጠቅላላ ባዜቃ በሊትር ከ0.005 ሚሊግራም እንዳይበልጥ፥ ሜቲል ባዜቃና ወገኖቹ ግን ጨርሰው እንዳይገኙ ደነገገች። በማዝቀጥ ብቻ እዚህ ልክ መድረስ የሚያስቸግር በመሆኑ ሬዚን ተጠራ።

ሬዚኑም ቢሆን ያለ ብልኃት አልሠራም። የጨው ውሃ በሚበዛበት በክሎሪን ፋብሪካ ፍሳሽ ውስጥ ባዜቃው ከክሎራይድ ጋር ተያይዞ ኔጋቲቭ ሙል ይይዛል። ስለዚህ ብረት ሁሉ ፖዘቲቭ ነው ብሎ የፖዘቲቭ አዮን ሬዚን ያኖረ መሐንዲስ ባዜቃው በፊቱ ሲያልፍ ይመለከታል። ሜቲል ባዜቃ ክሎራይድ ደግሞ ከነጭራሹ ሙል የሌለው ሞለኪውል ነው፤ ለኤሌክትሪክ ስበት አይታዘዝም። ለዚህ የሚበጀው ሙልን ሳይሆን ባዜቃን ራሱን የሚያውቀው የዚሴ ድኝ ነው። በ1970ዎቹ የሆላንዱ አክዞ ኩባንያ ኢማክ ቲኤምአር የተባለውን ባለ መርካፕታን ሬዚን በሥራ ላይ አዋለ። ፍሳሹ በመጀመሪያ በክሎሪን ይታከማል፤ ብረት ሆኖ የተበተነውም ባዜቃ በዚህ ወደ አዮንነት ይለወጣል። ቀጥሎ የተረፈው ክሎሪን ሬዚኑን እንዳያቃጥለው በከሰል ይወገዳል፤ ከዚያ በኋላ ወደ ሬዚኑ አምድ ይገባል። የሚወጣው ውሃ በሊትር ከ5 ማይክሮግራም ያነሰ ባዜቃ ይዞ ይወጣ ነበር። ለስሙ ከተሰጠው ትርጉም እስከ ሥራው መቶ አርባ ዓመት ገደማ ፈጀ።

ይህ ሁሉ ሲሆን ጃፓን በሬዚን ብቻ አልተማመነችም። የክሎሪን ፋብሪካዎቿ ከባዜቃ ሴል እንዲወጡ አዝዛ በ1986 ሥራው ተጠናቀቀ። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ያው እርምጃ የተፈጸመው በ2017 ነው። በ2013 በኩማሞቶ የጸደቀውና በኦገስት 16 ቀን 2017 በሥራ ላይ የዋለው የሚናማታ ዓለም አቀፍ ስምምነት በባዜቃ አሴታልዴሃይድ መሥራት በ2018 እንዲያበቃ ወስኗል። ከቱቦው ጫፍ ላይ የሚለቅም ሬዚን ጥሩ ነገር ነው፤ ከቱቦው መነሻ ላይ ባዜቃ አለማስገባት ግን ርካሽና አስተማማኝ ነው። ይህን ለመረዳት ኢንዱስትሪው የወሰደው ጊዜ ግማሽ ምዕተ ዓመት መሆኑ ያሳዝናል።

በኢትዮጵያ የዚህ ታሪክ ቅርብ ዘመድ ክሮሚየም ነው። በክሮም የሚለፋ ቆዳ ከሚገባበት ክሮሚየም የሚጠጣው ከመቶ 60 እስከ 70 ያህሉን ነው፤ የቀረው ከልፊያው ውሃ ጋር ይወጣል። ከአዲስ አበባ ቆዳ ፋብሪካዎች የሚወጣው ወደ አቃቂ ወንዞች፥ ከዚያም በአባ ሳሙኤል በኩል ወደ አዋሽ ይወርዳል፤ ከሞጆ የሚወጣው በሞጆ ወንዝ ወደ ቆቃ ይገባል። በአቃቂ ውሃ የሚጠጣ ጎመንና ሰላጣ ለከተማው ገበያ መቅረቡን የማያውቅ የለም። የልፊያ ክሮሚየም ባለ ሦስት ሙል ስለሆነ ከባለ ስድስቱ ጋር ሲወዳደር ጉዳቱ ያነሰ ነው። ሕጉም አልጎደለም፤ የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1995 ዓ.ም. ወጥቷል።

እዚህ ላይ ሬዚንን እንደ ታቦት ይዞ መሮጥ ስሕተት ይሆናል። የልፊያ ውሃ በሊትር በሺህ የሚቆጠር ሚሊግራም ክሮሚየም፥ ከዚያም ጋር ስብ፥ ፕሮቲንና ብዙ ጨው ይዞ ይመጣል። ሬዚን እንዲህ ያለ ነገር ቢሰጡት በጥቂት ቀን ውስጥ ይደፈናል። የሚበጀው የክሮሙን ውሃ ከሌላው ፍሳሽ ሳይቀላቀል ለብቻ መቀበል፥ በማግኒዥየም ኦክሳይድ ወይም በሌላ አልካሊ ማዝቀጥ፥ ዝቃጩን በሰልፈሪክ አሲድ አሟሙቶ እንደ ገና ለልፊያ ማዋል ነው። ሬዚን የሚገባው፥ የሚገባም ከሆነ፥ ከዚህ በኋላ የቀረውን ጥቂት ሚሊግራም ለመልቀም ነው። ለቀለም፥ ለባትሪና ለብረት ቅብ ወርክሾፖች ግን፥ የዕጥበት ውሃቸው ጥቂትና ንጹሕ ሆኖ መርዙ የጎላ ስለሆነ፥ ከመጀመሪያውም ተስማሚ ሊሆን ይችላል። መሣሪያውን ከመግዛት በፊት የሚጠየቀው፥ የሚያልፍበት ውሃ ከየትኛው ክፍል የሚወጣ ነው የሚለው ነው። የሳይክሌተሩ መራቂዎች ይህን ቢጠየቁ መልስ አልነበራቸውም።

በመጨረሻ ብረቱ የት ይሄዳል? ሬዚን ብረትን አያጠፋም፤ አንድ ንጥረ ነገር በኬሚካል አይጠፋም። በሺህ ሊትር ውሃ የተበተነውን በጥቂት ሊትር ውስጥ ይሰበስበዋል እንጂ። ባለ መርካፕታኑ ሬዚን ሲሞላ በተከማቸ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ይታጠባል፤ አሲዱ ከፍሳሹ ይልቅ እጅግ መርዘኛ ሆኖ ይወጣል። ወደ ፋብሪካው ሥራ ካልተመለሰ ወይም ባዜቃው ተለይቶ ካልወጣ፥ ማታ በጓሮ ቦይ የሚለቀው ሰው አይጠፋም። ስለዚህ በሚገባ የተነደፈ የሬዚን ጣቢያ የሚታወቀው በአምዱ ሳይሆን ከአምዱ ጀርባ ባለው የመታጠቢያ አሲድ ጋን ነው።

በሚናማታ ይህን ሥራ የሠራው ሬዚን ሳይሆን ዶማና መርከብ ሆነ። ወደ ባሕሩ የተጣለው ባዜቃ ከ70 እስከ 150 ቶን እንደሚደርስ ተገምቷል። ዓሣው ወደ ውጭ እንዳይወጣ በ1974 የባሕረ ሰላጤው አፍ በመረብ ታጠረ። ከ1977 እስከ 1990 ድረስ 1.5 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ያህል ጭቃ ከባሕሩ ወለል ተጠርጎ በብረት ግድግዳ በታጠረ ቦታ ተሞላ፤ በላዩም ንጹሕ አፈር ተደለደለና 58 ሄክታር አዲስ መሬት ወጣ። መረቡ የተነሣው በ1997 ነው። በዚያ መሬት ላይ ዛሬ ዛፍ ተተክሎ መናፈሻ ሆኗል፤ ባዜቃውም ከሥሩ አለ።

በጃፓን ሰሜናዊ ክፍል በሆካይዶ ተራሮች መካከል ኢቶሙካ የሚባል የባዜቃ ማዕድን ማውጫ ነበር። በ1939 ተከፍቶ ከአገሩ ሁሉ የበለጠ ባዜቃ ይወጣበት ነበርና የሚገዛው ሲጠፋ በ1974 ተዘጋ። ቦታው ግን ባዶ አልቀረም። ምድጃዎቹ አሁን የሚያቃጥሉት ድንጋይ ሳይሆን ከየከተማው የሚመጣውን ያገለገለ ባትሪ፥ የፍሎረሰንት መብራትና ባዜቃ የነካው የፋብሪካ ዝቃጭ ነው።